ከመሳቢያው ጀርባ

ነፋስ ነው አዛዡ በፑንታ አሬናስ፤
ገመድ ተወጥሯል በየመንገዱ ዳር፣ አላፊ አግዳሚው ይዞ እንዲተነፍስ።
ፀሐይ ስትወጣም አንፍነከነክም፣
የሰማዩ ጣሪያ እኛ ጋ ሳስቷል፤ እሷ ደግሞ አትምርም።
ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባንዲራ ይሰቅላል፤
አረንጓዴ ሲሆን ልጅ ሜዳ ይወጣል፣
ሐምራዊ የሆነ ለት መስኮት ይጋረዳል።
የልጅ ልጄን ፊቱን በቅባት ለስኜ፣
"ጆሮህን አትርሳ" እላለሁ ለምኜ፤
አባቴ ጆሮውን ለፀሐይ ገብሯል፣
የባሕር ሸርጣን ሲያጠምድ ኖሮ፣ ሐኪም ቆርጦ ቆርጦ ግማሹን ወስዷል።

ማታ ግን
ያችኑ ጠላቴን ጎማ ላይ አቁሜ
በሆስፒታሉ ኮሪደር እገፋታለሁ፣ ከነድካሜ።

"ማን ትባላለች?" አለኝ አዲሱ ዘበኛ።
"ፕላዝማ።" "የደሙ?" "የለም! የመብረቅ ምርኮኛ፣
ብርጭቆ ውስጥ ያለች የታሰረች እብድ፤
ዜኖን የሚሉት ጋዝ፣ ማንንም የማይወድ፣
ኤሌክትሪክ ሲመታው ሲተረተር ሲነድ፣
ጋዝም አይባልም፣ ውሃም ድንጋይም፤
ከሚተፋው ብርሃን ገዳዩ ለዓይን አይታይም።"
ሳቀብኝ ዘበኛው። ይሳቅ፣ አልተቀየምኩም።

ክፍል ሰባት። ዶን ባልዶሜሮ የሞቱበት፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ ያ ክፉ ተሐዋሲ አንጀታቸውን በልቶት።
በበረኪና ውሃ ሁለቴ አሽቻለሁ፣
ፍራሹን ገልብጬ ስፌቱን አይቻለሁ፤
ጨርቅ ግን የእጅ ነው፣ እጅ ደግሞ ይዝላል፤
ስፖሩ ካባውን ደርቦ፣ ደርቆ ይጠብቃል፣
ነገ ለሚተኛው፣ ስሙን ለማያውቀው፣ ወራት ይታገሣል።

መብራቷን መሃል ላይ አቆምኳት።
ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ፣ የአልጋውን ብረት ወደሷ አዞርኩት፣
የግሉኮስ መስቀያ፣ የደም ግፊት መለኪያ፣
የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ፣
ሁሉም ፊቱን ያሳይ፤ የለም መደበቂያ።
ብርሃኗ ቀጥ ያለች ናት፣ ጥግ አትዞርም፤
የቀጭን ሽቦ ጥላ እንኳ ቢጋርዳት፣ ከጥላው ጀርባ ያለው አይሞትም።

በሩን ዘጋሁ። ቁልፉን ተጫንኩ።
በመስታወቱ ማዶ ቆጠርኩ።
ብልጭ!
ብልጭ!
ግድግዳው እንደ አጥንት ነጭ፣
አልጋው በባዶው ሲነሣ ሲወድቅ፣
እንደ ሰው ሲያቃትት፣ እንደ ሰው ሲሳቀቅ።
አምስት ደቂቃ። ሽታ በበሩ ስንጥቅ ወጣ፣
ከነጎድጓድ ማግስት እንዳለ አየር። ኦዞን ነው ይላሉ። ሳቄ መጣ፤
ሰማያችን ያጣው እዚህ ጓዳ ወጣ!

ለሁለተኛው ዙር ወደ መስኮቱ ዳር ስገፋት
መሳቢያው አልሳብ አለ፤ ጎትቼ ነቀልኩት።
ከጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል ወረቀት፣
በእርሳስ፣ ለሴት ልጃቸው የጻፉት፦

"ሮሳልባ፣ የጀልባው ቁልፍ ከቀለም ቆርቆሮው ሥር ነው።
ዘይቱን ቀይሪ። ለወንድምሽ አትስጪው፤ መሸጥ አመሉ ነው።"

ደንቡ ግልጽ ነው፦ ወረቀት ወደ ቀይ ከረጢት፣
ከዚያ ወደ እሳት።
ጥቂት ቆምኩ። ይህን ደንብ የጻፈው ሰው
ጀልባ ኖሮት ያውቃል? ወንድምስ አለው?

ከግሉኮሱ መስቀያ ሰቅዬ ላብራበት አልኩ። ተውኩት።
ብረት ይታጠባል፣ ፕላስቲክም፤ ወረቀት ግን ጭረት አለው፣ በየጭረቱ ጥላ፣
በየጥላው ውስጥ የሚጠብቅ ሌላ።
ጓንቴን ቀየርኩና፣ እጄን ታጥቤ፣ በመስታወቱ ማዶ እያየሁ
በፈረቃ ቅጼ ጀርባ ቃል በቃል ገለበጥኩ።
እናት ጽሑፉን ወደ ከረጢቱ ጣልኩ።
የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ግን፣ መገልበጥ አልቻልኩ።

ጠዋት ደወልኩላት። "ማን ልበል?" አለችኝ።
"ኤዱቪና ኦያርሶ፣ ከጽዳት ክፍል ነኝ።"
አነበብኩላት። ዝም አለች፤ በስልኩ ውስጥ ነፋስ ያልፋል።
"የእሱ ጽሑፍ ነው?" "ቃሉ የእሳቸው ነው፤ እጁ የኔ ሆኗል።"
ቆየችና፣ ትሳቅ ታልቅስ ሳይገባኝ፦
"ጋራዡ ውስጥ እኮ አሥራ አራት ቆርቆሮ ቀለም ነው ያለኝ!"

ወጣሁ። ባንዲራው ሐምራዊ ነበር።
ባርኔጣዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ገመዱን ይዤ ሄድኩ
በጥላው በኩል፣ በግድግዳው ሥር።